የመሐመድአሚን ትርጉም

ከስትሮኩ በኋላ ለመሐመድአሚን የተረፈችው ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፤ «እሺ»። ሻይ ይምጣልህ ሲሉት «እሺ»። ራስህን ያምሃል ወይ ሲሉት «እሺ»። መስኮቱ ይዘጋ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ለሁሉም «እሺ»። ጠያቂ መጥቶ «ይቅር በለኝ፣ ሳልሰማ ቀርቼ ነው» ሲለውም ያቺኑ «እሺ» ባልታዘዘ ከንፈሩ አሾልኮ ይሰጠዋል። የማያውቀው ሰው ጨዋ በሽተኛ ነው ብሎ መርቆት ይወጣል። እህቱ ሪሐና ግን ዓይኑን ታያለች። አፉ እሺ ሲል ዓይኑ እምቢ ይላል። ሌላ ነገር ሊናገር አስቦ ያቺው ቃል ቀድማው ስትወጣ፣ በደህናው እጁ የብርድ ልብሱን ጫፍ ጨምድዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ሪሐና ኡራኤልን አለፍ ብሎ ካለ ፎቅ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ ታስተካክላለች። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ለካዛንቺስ ሆቴሎች የሠራተኛ ዩኒፎርም ትጠግናለች። ባሏ ልጃቸው ኢኽላስ ገና ዳዴ ስትል ነው የሞተባት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ያሳደገችው ከታላቅ ወንድሟ ከመሐመድአሚን ጋር ሆና ነው። እሱ ሳያገባ ቀረ። ሰው ለምን ሲለው «ቤቴ ሙሉ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ እሱ ሲወድቅ ሪሐና የታመመው ወንድሜ ነው ብላ ብቻ አላሰበችም፤ ቤቱ ራሱ ድምፁን እንዳጣ ነው የቆጠረችው።

ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው የነገራትን አልረሳችም። «ቋንቋው አልጠፋም፤ እዚያው አለ። መውጫው ነው የተበላሸው። ዝም አትበሉት። የሚወደውን፣ የለመደውን ነገር እየፈለጋችሁ አነጋግሩት።»

እሷም አነጋገረችው። የዘመድ አዝማድ ስም ጠራችለት፣ ፎቶ አሳየችው፣ ማንኪያ አንስታ «ማን…» ትልና ትጠብቃለች። «እሺ» ይላታል። አንድ ነገር ብቻ አስተዋለች። ከቁርኣን ፋቲሓን አብራው ስትቀራ ከንፈሩ ይከተላታል፣ ድምፁም ይወጣል። እሷ ስታቆም እሱም ያቆማል።

«በቃሉ የያዘው ነገር ይወጣለታል ማለት ነው» አለቻት ኢኽላስን። «በቃሉ የያዘውን ሌላ ነገር መፈለግ ነው እንግዲህ።»

ኢኽላስ ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ስትገባ ደክሟት ነው የምትገባው። «እማ፣ ትንሽ እረፊ በቃ። ማለቴ፣ ዶክተሩም እኮ ጊዜ ይወስዳል ብሏል።»

«ጊዜውን ይውሰድ። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልጠብቀውም።»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሪሐና የጠገነችውን ዩኒፎርም በትልቅ ፌስታል ይዛ ካዛንቺስ ወደሚገኝ ሆቴል ሄደች። ተረካቢው እስኪመጣ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆማ ሳለች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ቀና ብላ አየችው። ድምፁ ተዘግቷል። አንድ ሽበታም ሰውዬ ጠባብ ክፍል ውስጥ መሪ ነገር ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። ከጎኑ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ቁልፍ መፍቻ ይዛ ትጮኻለች። ከኋላቸው ፊቱን አረንጓዴ የተቀባ ረጅም ፍጡር ቆሟል። ፌስታሉ ከእጇ ወደቀ።

«ጎመን!» አለች ጮክ ብላ።

የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ደነገጠች። «ምን አሉኝ እናቴ?»

«ጎመን ነው! ሻምበል፣ ብረቷ፣ ጎመን!» ሪሐና እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እባክሽ የኔ ልጅ፣ ይሄ የቱ ቻናል ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬው ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ሳይሠራ በፊት፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት ግቢ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። መሐመድአሚን ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ ዲሽ ይተክላል፣ ሪሲቨር ይጠግናል። ሳተላይት ገና ብርቅ በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ ከግቢው ሰው ዲሽ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከውጭ የሚመጣ አንድ ጣቢያ ቅዳሜ ከሰዓት እንግሊዞች ድሮ የሠሩትን ተከታታይ ፊልም ያሳይ ነበር። በሰማይ የሚጓዝ መርከብ ነው፤ ሰዎቹ አገራቸው ጠፍቶባቸው ከኮከብ ኮከብ ይዞራሉ። ፊልሙ እንኳን ዛሬ ያን ጊዜም አሮጌ ነበር። በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ይወዛወዛል፣ ድንጋዩ ሲወድቅ ይነጥራል። ግን ግቢው በሙሉ በርጩማውን እየያዘ የሚመጣው ለፊልሙ ብሎ አልነበረም። የሚመጣው ለመሐመድአሚን ትርጉም ነው።

መሐመድአሚን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንስና አጠገቡ ቆሞ ሁሉንም በአማርኛ ይናገርላቸዋል። ለሽበታሙ አዛዥ ሻምበል፣ ቁልፍ መፍቻ ለማይለያት ሴት ብረቷ፣ ለአረንጓዴው ፍጡር ጎመን የሚል ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። ሻምበል ሲናገር ድምፁን ያጎረንናል፣ ብረቷ ስትቆጣ ወገቡን ይይዛል፣ ጎመን ደግሞ ገና አማርኛ እየተማረ ያለ እንግዳ ሆኖ ቃል እያገላበጠ ያስቃቸዋል። ሪሐና ልጇን ታቅፋ ከፊት ትቀመጥ ነበር። ሰዎቹ በእውነት እንደዚያ የሚናገሩ ይመስላት ነበር።

ከሆቴሉ ወጥታ ቤት አልሄደችም። ቡልጋሪያ ሰፈር በታክሲ ሄዳ አሉላን ሱቁ ውስጥ አገኘችው። አሉላ ከመሐመድአሚን ጋር ለብዙ ዓመት ጣሪያ ለጣሪያ የዞረ የሥራ ባልደረባው ነው። ዛሬ የራሱን ሱቅ ከፍቷል።

«አየሁት!» አለችው ገና ከበሩ።

«ምኑን?»

«መርከቡን። የአሚንን መርከብ። አሁንም ይታያል፤ እንደ ድሮው ቅዳሜ ነው።» የቻናሉን ስም የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ጽፋ ከሰጠቻት ብጣሽ ወረቀት ላይ አሳየችው። «ቤቴ አስገባልኝ።»

አሉላ ስሙን ሲያነብ ግንባሩን ቋጠረ። በማግስቱ ጠዋት መጣና የሚኖሩበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ይዟት ወጣ። «ይሄ ያላችሁ ዲሽ የሚያየው ወደ ሌላ ሳተላይት ነው። ያ ጣቢያ ያለው ወዲያ ነው» ብሎ በእጁ ወደ ሰማይ አሳያት፤ እሷ ግን ከአዲሶቹ ፎቆች ጫፍ በቀር የታያት ነገር የለም። «ይሄን ባዞረው የሚጠቀሙበት ሁሉ ቻናላቸው ይጠፋል። ሌላ ዲሽ መትከል ነው።»

«ትከላ!»

«የጣሪያው በር ላይ የተለጠፈውን አላየሽም እንዴ? አዲስ ዲሽ ክልክል ነው ይላል።»

የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ምንዳዬ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ሪሐና በራቸውን አንኳኳች።

«ወይዘሮ ሪሐና፣ ለእርስዎ ብፈቅድ ነገ ለሁሉም ልፈቅድ ነው» አሏት በትህትና። «ባለፈው ክረምት ነፋስ ያወረደው ዲሽ የሰው መኪና ሰብሯል። ሰው ላይ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ልክ ነዎት።»

«ደግሞ ቴሌቪዥን አላችሁ። ቻናሉም ሞልቷል።»

«ቻናል ቸግሮኝ አይደለም አቶ ምንዳዬ። ወንድሜ የሚያውቀው ፊልም ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቢያየው ምናልባት ይናገራል ብዬ ነው።»

«ምናልባት?»

«ምናልባት።»

አቶ ምንዳዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አዝናለሁ። ለምናልባት ብዬ ደንብ አላፈርስም።»

ሪሐና አመስግናቸው ወጣች። ደረጃውን ስትወጣ ግን ፎቋ ስትደርስ አልቆመችም፤ ጣሪያው ድረስ ዘለቀች። እያንዳንዱን ዲሽ እየዞረች በእጇ ነቀነቀችው። አንዳንዱ ገመዱ ተበጥሷል፣ አንዳንዱ ዝጎ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ባለቤቶቹ ከሕንፃው ከለቀቁ ቆይተዋል። በማግስቱ የአቶ ምንዳዬን በር እንደገና አንኳኳች።

«ትናንት ልክ ነዎት ብዬዎታለሁ፤ ዛሬም ልክ ነዎት» አለቻቸው። «ሰው ላይ የሚወድቅ ዲሽ አለ። ግን እሱ የኔ አይደለም፤ ባለቤት የሌላቸው ናቸው። አሉላ የማይሠሩትን በሙሉ ያወርድልዎታል፣ የሚሠሩትን ያጠብቅልዎታል። የኔን በሲሚንቶ ይተክላል። እርስዎ እዚያው ቆመው ይዩ፤ ከተነቃነቀ ያስነቅሉት።»

አቶ ምንዳዬ ጣሪያው ላይ ከወጡ ዘመናቸው ነበር። ወጡ፣ አንዱን ዲሽ ነካ ሲያደርጉት እጃቸው ላይ ሊቀር ሲል ክው አሉ። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ «ይሁን። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ግን መጀመሪያ የማየው የእርስዎን ነው» አሏት። አሉላ ዝገቱን ሲያወርድ ዋለና የሪሐናን ዲሽ ተከለ። ስልክ በጆሮው ይዞ ከላይ «አሁንስ?» ይላል፣ ኢኽላስ ከታች ሪሲቨሩን እያየች «ሄደ! መጣ! ቁም፣ ቁም፣ አትንካው!» ትላለች። መሐመድአሚን ወንበሩ ላይ ሆኖ ገመዱ በመስኮት ሲገባ በዓይኑ ተከተለው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሪሐና ሱቋን ዘግታ ወንድሟን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠችው። የመርከቡ ሙዚቃ ሲጀምር መሐመድአሚን ጀርባውን ከወንበሩ አላቀቀ። ሻምበል ብቅ ሲል የግራ ጉንጩ ፈገግ አለ። ሪሐና ወደ ልጇ ዞረች።

«ኢኽላስ፣ ተርጉሚልን።»

ኢኽላስ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ሰዎቹ የሚሉትን ቃል በቃል መናገር ጀመረች። «ሞተሩ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሙቀት ጨምሯል… እሷ ደግሞ ቫልቩን ልዝጋው ነው የምትለው… እሱ አይ፣ መጀመሪያ ግፊቱን ለኩ ይላል…»

የመሐመድአሚን ፈገግታ ጠፋ። ኢኽላስን አያት፣ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እንደገና ኢኽላስን አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሻይ ሲሰጡት «እሺ» ብሎ ሳይነካው ቀረ።

«እንዲህ አልነበረም» አለች ሪሐና ፊልሙ ሲያልቅ። «ይሄን ክፍል አስታውሰዋለሁ። እዚህ ላይ ብረቷ ለሻምበል ‹አንተ ታላቄ ነህ፣ ካልተቀመጥክ አልቀመጥም› ትለዋለች። እንግሊዞችም ለታላቅ ይነሳሉ ብዬ ለስንት ሰው ተናግሬያለሁ!»

ኢኽላስ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እማ… እንደዚህ የሚል ነገር የለም። ስለ ሞተር ነው የሚያወሩት። አጎቴ… ማለቴ፣ አጎቴ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር እንዴ?»

ሪሐና አልሳቀችም። ወንድሟን አየችው። ዓይኑን ገልጦ ነበር፤ እሱም ያያታል። ፊቱ ላይ የነበረውን ለማወቅ እህት መሆን አያስፈልግም ነበር። የተያዘ ሰው ፊት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከልቧ አምና የሰማችው ሁሉ የእሱ ፈጠራ ነበር ማለት ነው። ከፋት። ወደ ማድ ቤት ገብታ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠበች። ስትመለስ ግን ቁርጥ አድርጋ ነበር።

«ከአሁን በኋላ እንግሊዝኛውን ተይው» አለቻት ኢኽላስን። «እሱ በቃሉ የያዘው እንግሊዞቹ ያሉትን ሳይሆን ራሱ ያለውን ነው። በሱ ትርጉም ነው የምናየው።»

«ማን ያስታውሰዋል?»

«የሚያስታውስ እፈልጋለሁ።»

የድሮው ግቢ ሰው ተበትኗል፤ አብዛኛው ከከተማው ዳርቻ ነው። በቅርብ ያሉት እትዬ ጦቢያ ብቻ ናቸው፤ ለገሃር ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። እሳቸውና ሪሐና በግቢው ግድግዳ ለግድግዳ ነበሩ። ሪሐና ከሥራ ስትወጣ ሄደች። እትዬ ጦቢያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጉዳዩን ስትነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሳቅ ተንፈቀፈቁ።

«ዛሬ ነው የነቃሽው? እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ነው ያወቅሁት።»

«እንዴት?»

«ፈረንጆች ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ እኮ ልጄ። እንግሊዝኛ ሳልሰማ ነው? ሰውዬው ‹በሩን ዝጉ› ሲል አሚን ‹የጎረቤት ልጅ ታሟል፣ ድምፅ ቀንሱ› ብሎ ተረጎመው። ሊስቀኝ ነበር። ዘወር ስል የጎረቤታችን የአባዲ ሚስት የታመመ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ያን ሁሉ ጫጫታ ደፍራ ዝም በሉ ማለት አቅቷት። ሰው ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። ያኔ አፌን ያዝኩ።»

ሪሐና አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«የቧንቧውን ጠብስ ታስታውሺያለሽ? እኔና አንቺ?» አሉ እትዬ ጦቢያ።

እንዴት ትረሳዋለች! በግቢው የውሃ ተራ ተጣልተው ክረምቱን ሙሉ ሰላም ሳይባባሉ ከርመዋል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ብረቷና ሻምበል በመርከቡ ውሃ ተጣሉ። ብረቷ ጄሪካኗን ቀድማ አስቀምጣለች፣ ሻምበል ደግሞ ተራው የኔ ነው ይላል። ግቢው መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰ። መጨረሻ ላይ ሻምበል «ውሃው ነገም ይመጣል፤ አንቺ ግን ከሄድሽ ከማን ጋር አወራለሁ?» አላት። ሪሐና ያን ቀን ከወንበሯ ተነስታ እትዬ ጦቢያ አጠገብ ሄዳ ተቀምጣለች። ለምን እንደተነሳች ራሷም አላወቀችም ነበር።

«እሱም የለም ፊልሙ ላይ?»

«ስለ ሞተር ነበር የሚጨቃጨቁት» አሉ እትዬ ጦቢያ። «ሁልጊዜም ስለ ሞተር ነው።»

በዚያ በረንዳ ላይ ሪሐናን ከፍቷት የነበረው ነገር ከውስጧ ወጣ። ወንድሟ ያታለላት ሳይሆን ሲያነጋግራት የኖረ መሆኑ ገባት። «ቅዳሜ ይመጣሉ?» አለቻቸው።

«እሱ የሚናገር ከሆነ እኔ ልቅር?» አሉ እትዬ ጦቢያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።»

ልጃቸው በመኪና አመጣቸው። ደረጃውን እያረፉ ወጡ። መሐመድአሚን ሲያያቸው ደህናው እጁ ከወንበሩ ተነሳ። እሳቸው ጉንጩን ስመው አጠገቡ ተቀመጡ። ሪሐና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችና ልክ እሱ ይቆም በነበረበት ቦታ፣ ከስክሪኑ ጎን ቆመች። ሻምበልን ራሷ ያዘች፣ ብረቷን ለእትዬ ጦቢያ ሰጠች፣ ጎመንን ኢኽላስ እያፈረች ወሰደች።

አልሄደላቸውም። አንዱ ሲናገር ሌላው ይደርባል፣ ስክሪኑ ላይ ሰው አፉን ሳይከፍት እነሱ ይጮኻሉ። መሐመድአሚን ግን ዓይኑን አልጨፈነም። ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል፤ ትንፋሹ ፈጥኗል።

መርከቧ ጨለማ ውስጥ የቆመችበት ቦታ ደረሰ። ሁሉም ሻምበልን ከበው ይጠብቁታል። ሪሐና ጉሮሮዋን ጠርጋ አጎረነነች። «በቃ ልጆቼ፣ መብራቱም ጠፋ፣ ስንቁም አለቀ። እንመለስ።»

መሐመድአሚን የወንበሩን መደገፊያ መታው።

«እሺ!» አለ። ቁጣ ነው። «እሺ… እሺ…» ራሱን ነቀነቀ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ። «አይ… አይ… አይደለም!»

እትዬ ጦቢያ እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሪሐና በዓይኗ ያዘቻቸው። ከቦታዋም አልተነቃነቀችም። ቃሉ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ማንም እንዲያስደነግጠው አልፈለገችም።

«ታዲያ ምንድን ነው ያለው ሻምበል?» አለችው እንደ ዋዛ፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አድርጋ።

«አን…» አለ መሐመድአሚን። «አንመ…» ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ጀመረ። «አንመለስም።»

«አንመለስም» አለች ሪሐና በሻምበል ድምፅ። «እሺ፣ ብረቷስ ምን ትላለች?»

ያን ቀን ከዚያ በላይ አልወጣውም። ሲደክመው እንቅልፍ ወሰደው። ሪሐና ያለቀሰችው እትዬ ጦቢያን ደረጃውን አስወርዳ፣ መኪናው ውስጥ አስገብታ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ፊቷን ጠርጋ ስትመለስ ምን እንደምታደርግ አውቃ ነበር። ማንኪያ አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው» ማለት ለወንድሟ አይሆንም። መሐመድአሚን ቃል ሲጠይቁት ይጠፋበታል፤ ቃል ሲያበላሹበት ግን አይችልም።

ስለዚህ አበላሸችበት። ሻዩን አቅርባ «ጨው ልጨምርልህ?» ትለዋለች። «አይ… አይደለም። ስ… ስኳር።» ሸሚዙን ይዛ «ና ሱሪህን ላልብስህ» ትለዋለች። ሲስቅ ቃሉ ቀለል ብሎ ይወጣል። ሲናደድም ይወጣል። ኢኽላስ ከቢሮ ስትገባ «አጎቴ፣ ዛሬ ሰኞ ነው አይደል?» ብላ ሐሙሱን ታስተፋዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሪሐናም እትዬ ጦቢያም ትርጉሙን አውቀው ያጣምማሉ፤ እሱ ያቃናል። አሉላ ሥራ ሲፈታ ብቅ ይልና ዳር ተቀምጦ ይስቃል።

ሁሉም ቀን ግን ቅዳሜ አልነበረም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሲነሳ ያገኘው ቃል ሁሉ ጠፍቶ ወደ «እሺ» ተመለሰ። ኢኽላስ አለቀሰች። ሪሐና የሆቴሎቹን ዩኒፎርም ቤት ድረስ እያመጣች አጠገቡ እየሰፋች እንደ አዲስ ጀመረች። ጨው፣ ሱሪ፣ ሰኞ። እሱ ሲበሳጭ ትታገሳለች፤ እሷ ስትበሳጭ በረንዳ ወጥታ ትመለሳለች። ቃሎቹ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም ጓደኛ ይዘው መጡ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መርከቡ ቀረ። በቦታው ነጭ ቆብ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ሽንኩርት ይከትፋል። ሪሐና ሪሲቨሩን አጥፍታ አበራች፣ አሉላን ጠራች። አሉላ ጣሪያ ወጥቶ ወርዶ፣ ከሪሞቱ ጋር ታግሎ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ዲሹ ደህና ነው። ፊልሙን አውርደውት ነው። ሌላ ጣቢያም ላይ አጣሁት።»

እትዬ ጦቢያ በደረጃው ደክመው ገና እየተነፈሱ ነው። አቶ ምንዳዬም በዚያ ቀን አሉ፤ ሳቁ እስከ ምድር ቤት ስለሚሰማ ለማየት ብለው የመጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሁሉም ሪሐናን አዩ። እሷ ሪሞቱን አነሳችና የሰውዬውን ድምፅ ዘጋችው።

«ይሄም አፉን ያንቀሳቅስ የለም እንዴ?» አለች። ወደ ወንድሟ ዞረች። «አሚኔ፣ ምን እያለ ነው?»

መሐመድአሚን ስክሪኑን አየ። ይሄ በቃሉ የያዘው አይደለም። የሚያቃናው የተጣመመ ነገርም የለም። ሰውዬው የከተፈውን ሽንኩርት በቢላዋ ጠርጎ ድስት ውስጥ ጨመረው፣ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«ሽን… ሽንኩርቱን» አለ መሐመድአሚን፤ ቃሉ እዚያ ላይ ቆመ። «ሽንኩርቱን እኔ… እኔ ከተፍኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የሚ… የሚያለቅሰው ደግሞ… ምንዳዬ።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ምንዳዬ ራሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «እኔ ምን አደረግሁ!» ሲሉ እትዬ ጦቢያ ትከሻቸውን መቷቸው። ኢኽላስ ከሳቋ ብዛት መሬት ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ሰውዬው ድስቱን ከድኖ አንዲት ሴት ጠራ፤ ሴትየዋ መጥታ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«እሷስ ምን አለች?» አሉ አቶ ምንዳዬ ወንበራቸውን ወደፊት ስበው።

መሐመድአሚን ደህናውን እጁን አነሳ፤ ጠብቁ ማለቱ ነው። ቃሉን ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይታያል፤ አንዱን አንስቶ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሳል። ሪሐና ብትፈልግ የቃሉን መጀመሪያ ልትሰጠው ትችል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ ከስክሪኑ ጎን ቆማ ጠበቀችው።